ሰልጣኟ ናት የወደቀችው ወይስ መሣሪያው?

ከኮምቦልቻ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ነን። ጠዋት ነው። አሥራ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ተራ በተራ እየተኙ ይተኩሳሉ። ለእያንዳንዳቸው 10 ጥይት ተቆጥሮ ተሰጥቷቸዋል። ተራው የአንዲት ወጣት ሆነ። የመጀመሪያዋን ተኮሰች። ሁለተኛዋንም ተኮሰች። ሦስተኛዋ ላይ ግን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ልጅቷ ደነገጠች። መሣሪያውን እንደያዘች አሰልጣኙን ልትጠይቅ ዞረች። አፈሙዙም አብሯት ዞረ።

ከኋላ የቆምን ሁሉ በደረታችን ተኛን። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። አሰልጣኙ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሁሉም ሰው "አሥር አለቃ" ነው የሚላቸው። ረጋ ብለው አፈሙዙን ወደ ዒላማው መለሱትና "አብሽሪ ልጄ" አሏት። ከዚያ መሣሪያውን ተቀብለው አራገፉት። ቀሪዎቹን ጥይቶች ስትተኩስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ስሟ አጠገብ የተጻፈው "አላሟላችም" የሚል ነው።

እኔ እዚያ የተገኘሁት በምሠራበት ፋብሪካ ስም ነው። ሙያዬ የማሽን ጥገና ነው። በዚያ ወቅት ግን ጠቅላላ አገልግሎትን በውክልና ይዤ ስለነበር የጥበቃዎቹን ሥልጠና የማስተባበር ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ጥይቱን ቆጥሬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያየሁት ቁጥሩን ብቻ ነው። የት ከረመ፣ የስንት ዓመት ነው፣ ከምን ዓይነት እሽግ ወጣ ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ የጀመርኩት ያቺ ልጅ ከወደቀች በኋላ ነው። ስጠይቅ፣ ስፈታታና ከአሥር አለቃ ጋር ሳወራ የገባኝን ነው እዚህ የምጽፈው። በተኩስ ሥልጠና ሜዳ ላይ በሰው ስም የሚመዘገብ ብዙ ድክመት የብረቱና የባሩዱ ድክመት ነው። ይህን ካልለየን ሰውን እንበድላለን። ሲብስም ሰው እንገድላለን።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ቃላት አሉት። ከሸፈ፣ ነከሰ፣ ባረቀ። ቃታ ተስቦ ጥይት ካልወጣ ከሸፈ ይባላል። ጥይቱ ወይም ባዶው ቀለሃ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ መሣሪያው አልንቀሳቀስ ካለ ነከሰ ነው። ሳይታሰብ ከተኮሰ ደግሞ ባረቀ። ችግሩ እነዚህን ሦስቱን ጠቅልለን "መሣሪያው አስቸገረ" የምንል መሆናችን ነው። ሦስቱም መነሻቸው ይለያያል። ሰልጣኙ በዚያች ቅጽበት ማድረግ ያለበትም ይለያያል።

ከሸፈ ከሚለው ልጀምር።

ጥይት ውስጧ አራት ነገር አለ። ቀለሃው፣ ባሩዱ፣ ከፊት የምትወነጨፈው እርሳስ፣ ከኋላ ደግሞ ትንሿ ክብ መለኮሻ። ቃታ ሲሳብ መቺው መርፌ መለኮሻዋን ይወጋታል። እሷ ትለኮስና ባሩዱን ታቀጣጥላለች። የባሩዱ ጋዝ እርሳሱን ይገፋል። ከመርፌው ወይም ከመለኮሻዋ አንዱ ሲጓደል ነው ያ "ቀጭ" የሚሰማው።

አሥር አለቃ ያቺን የከሸፈች ጥይት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ቂጧን እየው" አሉኝ። መለኮሻዋ ላይ አንድ ደብዘዝ ያለ ምልክት አለ፤ መርፌ ነክቷት ያለፈ የሚመስል። "ጉድጓዱ ጥልቅ ቢሆን ጥፋቱ የጥይቱ ነው እል ነበር። መሣሪያው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ይሄ ግን መምታት አይደለም፣ መዳሰስ ነው።" ያን ማታ መሣሪያውን ፈታነው። ላዩ አብረቅርቆ ተወልውሏል። ሆዱ ግን አልተነካም። መርፌው የሚመላለስበት ቀዳዳ በደረቀ አሮጌ ቅባት ተሞልቷል። መርፌው እንደ ልቡ መሄድ አይችልም። ያቺ ልጅ ጥፋቷ ምን ነበር? ምንም። የወደቀችው ሰው ባላጸዳው ቅባት ነው።

ይህች የቂጥ ምልክት ለአሰልጣኝ ትልቅ ማስረጃ ናት። በጥልቀት ተመትታ ካልተኮሰች ጥይቱን ጠርጥር። ቀለል ብላ ከተነካች መሣሪያውን ጠርጥር፦ የደከመ ሞላ፣ የተበላ መርፌ፣ ቆሻሻ። ታዲያ ሥልጠና ላይ የከሸፈች ጥይት ብዙ ጊዜ ምን ትሆናለች? ሣር ውስጥ ትወረወራለች። ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ነገ ያገኛታል።

ሌላም ነገር አለ። የከሸፈች የመሰለች ጥይት ዘግይታ ልትተኩስ ትችላለች። መለኮሻዋ ወይም ባሩዱ እርጥበት ካገኘው ቀስ ብሎ ይያያዛል። ለዚህ ነው በብዙ የተኩስ ሜዳዎች የታወቀ ደንብ ያለው፦ "ቀጭ" ካለ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደሆነ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። አትዙር። አትነሳ። አታቀባብል። ሠላሳ ሰከንድ በወሬ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ለተኛ ጀማሪ ግን ረጅም ነው፤ አስቀድሞ ካልተለማመደው አይችለውም። ያቺ ልጅ የዞረችው ስለማትረባ አይደለም። "ቀጭ" ሲል ምን እንደሚደረግ ማንም ስላልነገራት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተማረችው መሣሪያው በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚደረግ ብቻ ነበር።

ከ"ቀጭ" የሚብሰው "ፑፍ" ነው። አንዳንዴ ባሩዱ አንሶ ወይም ተበላሽቶ እርሳሱ የሚገፋበት ኃይል ያጣል። ድምፁ ደከም ይላል። እርሳሱ ከአፈሙዝ ሳይወጣ መሐል ቱቦው ውስጥ ይቀራል። መሣሪያው በራሱ አዲስ ጥይት አያጎርስም፤ ለዚህ የሚሆን ጋዝ አላገኘም። ሰልጣኙ ታዲያ ምን ያደርጋል? "ነከሰ" ብሎ ያስባል። በእጁ ያቀባብላል፤ ይተኩሳል። ሁለተኛዋ ጥይት የተዘጋ ቱቦ ታገኛለች። ቱቦው ሊሰነጠቅ፣ ብረቱ በተኳሹ ፊትና እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው። ድምፁ ከወትሮው ካነሰ ተኩስ ይቁም፣ መሣሪያው ይራገፍ፣ ቱቦው ውስጡ ይታይ። ይህን ለማወቅ ግን ጆሮ የወትሮውን ድምፅ መልመድ አለበት። በሕይወት ዘመኑ 10 ጥይት ብቻ ለተኮሰ ሰው "ወትሮ" የሚባል ነገር የለውም። እዚህ ላይ ከሰልጣኙ ይልቅ ኃላፊነቱ ያለው አሰልጣኙ ጆሮ ላይ ነው።

ባረቀ የሚለው ቃል በዜና የምንሰማው ነው። "መሣሪያ ሲወለውል ባርቆበት" የሚለው ዜና አዲስ አይደለም። አብዛኛው የሰው ስህተት ነው፤ ጥይት መጉረሱን ሳያረጋግጡ ቃታ መንካት። ነገር ግን የብረቱም ድርሻ አለ። ሲሞኖቭን እንውሰድ። በጥበቃዎች እጅ የምትታይ አሮጌ ጠመንጃ ናት፤ 10 ጥይት ትጎርሳለች። በአብዛኞቹ ሲሞኖቮች መቺው መርፌ ሞላ የለውም፤ በቀዳዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ በነፃነት ይንሸራተታል። ቀዳዳው በደረቀ ቅባት ወይም በዝገት ከተያዘ መርፌው ወደፊት ወጥቶ ሊቀር ይችላል። ያኔ ቃታ ሳይነካ፣ መሣሪያው ገና ሲያጎርስ ጥይቱ ይተኩሳል። አንዳንዴም አንድ ብቻ አይደለም፤ ካዝናው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ እስኪያልቅ ሊደጋግም ይችላል። ተመልከቱ እንግዲህ። እኛ ጋ ልጅቷን ያከሸፈባት ያው የደረቀ ቅባት በሌላ መሣሪያ ላይ ሰው ሊገድል ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው። መርፌውን አውጥቶ ማጽዳት። ስታናውጠው በነፃነት ሲንቀጫቀጭ መስማት። ለአንድ መሣሪያ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ነከሰ የሚለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ካዝናን ነው። ሰው ጠመንጃውን ይወቅሳል። እኔ እንደ ማሽን ጠጋኝ መጀመሪያ የማየው መጋቢውን ነው። በሽመና ማሽን ላይ ክር ሲበጠስ ሁልጊዜ ማሽኑ አይደለም ጥፋተኛው፤ ክሩ የሚመጣበት መንገድ ነው። ካዝናም እንደዚያው ነው። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል። ጥይቷን የሚገፋት ሞላ ነው። ከላይ የሚይዟት ሁለት የታጠፉ ከንፈሮች ናቸው። ካዝናው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ አንዱ ከንፈር በጥቂቱ ከተከፈተ ጥይቷ ቀና ብላ ትወጣና ትነክሳለች። ሆዱ ተጎድጉዶ ከሆነ ጥይቱ ሲወጣ ይጨናነቃል። ሞላው ከዛገ ወይም ከደከመ ጥይቷ ሰዓቷን አልፋ ትደርሳለች። በነገራችን ላይ "ካዝና ጥይት ሞልቶ ከተቀመጠ ሞላው ይሞታል" የሚል ወሬ አለ። ጥሩ ሞላን በአብዛኛው የሚያደክመው ተጨቁኖ መቀመጡ አይደለም፤ መጨቆንና መለቀቅ ሲደጋገም ነው። ዝገት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

የካዝና ችግር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ይዞራል። ጠዋት ከአንዱ ሰልጣኝ ጋር ነከሰ፤ ከሰዓት በሌላው እጅ ገብቶ ነከሰ። ሁለቱም ሰልጣኞች ደካማ ተባሉ። ካዝናው ግን ምንም አልተባለም፤ ምክንያቱም ስም የለውም። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው በነጭ ቀለም ከ1 እስከ 14 ቁጥር መጻፍ ነው። በዚያው ሳምንት ከነከሱት መካከል አብዛኛው ከ4 ቁጥር መሆኑን አየን። አራት ቁጥርን በጣቴ ስዳስሰው የግራ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተከፍቷል። ለስንት ዓመት ስንት ሰው እንዳሰደበ አላህ ይወቀው።

አሁን ወደ ጥይቱ ልመለስ። የእኛ አካባቢ አየር ለጥይት አስቸጋሪ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። በሐምሌና በነሐሴ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። እዚያ ሥር፣ እርጥበት ያለው ግድግዳ ተደግፎ ያደረ የጥይት ሳጥን ጠዋት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይወርዳል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንዴት እንደሚያልበው ታውቃላችሁ። ቀዝቃዛ ብረትም ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኘው እንዲሁ ያልበዋል። ሳጥኑ ወዲያው ከተከፈተ ላቡ ጥይቱ ላይ ያርፋል። ተዘግቶ ከአየሩ ጋር እስኪለማመድ ከተጠበቀ ግን ላቡ ውጭ ይቀራል። ይህን ያህል ነው ልዩነቱ፤ ትንሽ ትዕግሥት።

ሙቀትም ጠላት ነው። ዘመናዊ ባሩድ ባለበት ሆኖም በጣም በዝግታ ይበላሻል። ፋብሪካ ሲሠራው ይህን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ይጨምርበታል። ሙቀት ይህን ንጥረ ነገር ቶሎ ይጨርሰዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው መጋዘን ውስጥ የከረመ ጥይትና በቀዝቃዛ ደረቅ ክፍል የከረመ ጥይት ዓመታቸው አንድ ቢሆንም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ "የስንት ዓመት ነው?" የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ "የት ከረመ?" የሚለው ነው። በፋብሪካ እንደታሸገ ቆርቆሮው ያልተከፈተ ጥይት አሥርተ ዓመታት አልፈውት በደንብ ሲተኩስ ይታያል። ተከፍቶ በጆንያ፣ በፌስታል፣ በኪስ የዞረው ነው የሚያሳፍረው።

የአያያዝ ደግነትም ይጎዳል። ጥበቃዎቻችን ጥይታቸውን ይወዳሉ። በዘይት ይቀቡታል፤ እንዲያብረቀርቅ። ዘይት በመለኮሻዋ ዙሪያ ሰርጎ ከገባ ግን ሊያከሽፋት ይችላል። ጥይት በደረቅ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ዘይቱ ለብረቱ ነው፤ ለብረቱም በልክ። የበዛ ዘይት የሜዳውን አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። አንዳንድ አሮጌ ጥይቶች ደግሞ ከተተኮሱ በኋላ ቱቦው ውስጥ ጨው የሚተው መለኮሻ አላቸው። ያ ጨው የአየሩን እርጥበት ይስብና በቀናት ውስጥ ያዝጋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። ውሃ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ የድሮ ወታደሮች በሙቅ ውሃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ነበር ዘይት የሚቀቡት። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ፤ ብረትን በውሃ? ምክንያቱ ሲገባኝ ግን ተቀበልኩት።

ከሜዳ የተለቀመ ጥይትም አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ጦርነት ውስጥ አልፈዋል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የተለቀቁት። ከዚያ በኋላ ጥይት በየማሳው፣ በየቦዩ ተገኝቷል። ዝናብ ሲመታው ከርሞ፣ በእሳት ሙቀት አልፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥይት ለሥልጠና ቁጥር ማሟያ መሆን የለበትም። አንድ ሰው "ተጠርጎ ንጹሕ ሆኗል" ቢላችሁ እንኳ አትቀበሉ። ንጽሕናው የቀለሃው ነው። ውስጡን ማንም አላየውም። ሲገኝም አለመንካት፣ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው።

የጥይት ዓይነት ጉዳይ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ከድሮ ጠመንጃዎች የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ነበር። የለበን 8 ሚሊ ሜትር። ወንድሙ የወደቀበት ሰው ጥይቱን ቢያነሳ ለእሱ ጠመንጃ አይሆንም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ላይ ቆመው የተኮሱባት ከተማ ናት ይህች። በዚያ ዘመን የዘመተው ሠራዊት አንዱ ትልቅ ችግር የጠመንጃው ዓይነት መብዛትና የጥይቱ አለመጣጣም ነበር። ዛሬም "7.62 ነው" ብሎ መፈረም አይበቃም። የክላሽና የሲሞኖቭ ጥይት ቀለሃው 39 ሚሊ ሜትር ነው። የፒኬኤም መትረየስ ደግሞ 54 ነው። የፊት ቁጥራቸው አንድ ሆኖ አንዱ ለሌላው አይገባም። ሽጉጥም እንዲሁ፤ የማካሮቭ 9 ሚሊ ሜትርና የሌሎቹ 9 ሚሊ ሜትር አንድ አይደሉም። እኔ የፈረምኩበት ሰነድ ላይ የነበረው "ጥይት፣ 120 ፍሬ" የሚል ብቻ ነው።

ማነጣጠሪያን ሳላነሳ አላልፍም፤ ብዙ ሰው የሚበደልበት እሱ ነውና። የአንድ ሰልጣኝ ወረቀት አሳዩኝ። ዒላማውን አንድም አልመታም። ቀዳዳዎቹ ግን ከላይ በግራ በኩል፣ አንድ መዳፍ በምትሸፍነው ቦታ ተሰብስበዋል። "ዜሮ" ተሰጥቶታል። አሥር አለቃ ወረቀቱን አይተው ተቆጡ። "ይሄ ልጅ ጎበዝ ተኳሽ ነው! ጥይቱን አንድ ቦታ ሰብስቧል። የተሳሳተው መሣሪያው ነው።" አዩት፤ የኋላው ማነጣጠሪያ 5 ላይ ነው። ይህ ለ500 ሜትር ርቀት የሚሆን ነው። ዒላማው ያለው 50 ሜትር ላይ ነው። ጥይቱ ከፍ ብሎ ይሄዳል። የፊተኛዋ ማነጣጠሪያ ደግሞ ወደ ጎን ተገፍታለች። ቀዳዳዎቹ ተበታትነው ቢሆን ኖሮ የሰልጣኙ ትንፋሽና ቃታ አሳሳብ ይጠየቅ ነበር። ተሰብስበው ከሳቱ ግን ማነጣጠሪያው ነው የሚጠየቀው። ውጤት የሚሞላ ሰው ይህን ካላወቀ ጎበዙን ይጥላል።

በአሜሪካ ሰው ከፍሎ የሚገባበት የተኩስ ኮርስ የተለመደ ነው። ሰልጣኙ የራሱን መሣሪያና የራሱን ጥይት ይዞ ይመጣል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴ ሺህ ጥይት ይተኩሳል። እዚያም መሣሪያ ይከሽፋል፤ ይነክሳል። ርካሽ ካዝና፣ ቀለሃው ቤት ውስጥ እንደገና የተሞላ ጥይት፣ ተሞክሮ የማያውቅ አዲስ ዕቃ ክፍሉን ያስቆማል። ስለዚህ ብዙ አሰልጣኞች ቤት ውስጥ የተሞላ ጥይት ይከለክላሉ፤ መጠባበቂያ መሣሪያና ካዝና አምጡ ይላሉ። በእነሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከሺህ ጥይት አምስት ቢከሽፍ ትምህርት ነው። ከ10 ጥይት ሁለት ቢከሽፍ ግን የፈተናው አንድ አምስተኛ ነው። ጥይት ባነሰ ቁጥር የእያንዳንዷ ጥይት ጥራት ክብደቷ ይጨምራል። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነው የምናደርገው። ለሥልጠና የሚሰጠው አሮጌው፣ የተራረፈው ነው። "ለልምምድ ነው፣ ምን አለበት" ይባላል።

ሌላው ልዩነት ይብሳል። እዚያ ሰውየው የሚማረው ነገ በሚይዘው በራሱ መሣሪያ ነው። እኛ ጋ ጥበቃው ሜዳ ላይ የተኮሰበት መሣሪያ ሌላ፣ ሌሊት በር ላይ የሚይዘው ሌላ ነው። የበሩ መሣሪያ በፈረቃ ይተላለፋል። ማን መቼ እንደተኮሰበት አይታወቅም። በየፈረቃው የምትጎርሰውና የምትወጣው ያቺው አንዲት ጥይት ናት። በሽጉጥ ላይ ይህ ሲደጋገም እርሳሷ ወደ ቀለሃው ውስጥ ልትሰምጥ ትችላለች፤ ያኔ ስትተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይደነግጋል። ተገቢ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ያለው መሣሪያና የሚሠራ መሣሪያ አንድ አይደሉም። ፋብሪካችን የቦሎ ቀን ያለፈበትን መኪና ከግቢ አያስወጣም። ለመጭመቂያ ማሽን፣ ለቦይለር የጥገና ካርድ ተንጠልጥሏል። በር ላይ ለቆመው ጠመንጃ ግን ካርድ የለውም። እኔ ይህን ለዓመታት አልፌው ስሄድ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። አሁን ያንገበግበኛል።

ጆሮንም አንርሳ። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ በአንድ ተኩስ እንኳ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። በሽመና ክፍል ለሚሠሩት የጆሮ መክደኛ እንሰጣለን። ያን ቀን ግን ሰልጣኞቹ ጥጥ ነበር የወተፉት። መጋዘናችን ውስጥ መክደኛው በካርቶን ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው። ሳሙናም እንዲሁ። የተኩስ ብናኝ እርሳስና ሌላ መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። ተኩሰው ሲጨርሱ ምሳ የተበላው እጅን በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ነው።

ለሁለተኛው ዙር የቀየርነው ነገር ብዙ ብር አልጠየቀም። ከሥልጠናው ሁለት ቀን በፊት አሥር አለቃና የመሣሪያ ክፍሉ ሠራተኛ እያንዳንዱን መሣሪያ ፈቱ፤ መርፌውን አወጡ፤ ቱቦውን በብርሃን አዩ። ጥይቱን በቂጡ ላይ ባለው የፋብሪካና የዓመት ምልክት ለያየነው። የዛገ፣ የተጎረበጠ፣ እርሳሱ የሚነቃነቅ ወጣ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት አሥር አለቃ ራሳቸው ቀድመው ተኮሱ። ይህ ጥይት ማባከን ነው ያለ ኃላፊ ነበር። እኔ ግን አምስት ጥይት ማጣት አሥራ ሁለት ሰው ከመጣል ይሻላል ብዬ ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው። ለከሸፈች ጥይት ምትክ እንድትሰጥ ተስማማን፤ ውጤቱ ላይ እንዳትቆጠር። የከሸፉት የሚገቡበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ተዘጋጀ። አንዲት ደብተርም ተከፈተች፦ ቀን፣ የመሣሪያ ቁጥር፣ የካዝና ቁጥር፣ ምን ሆነ፣ የቂጧ ምልክት ጥልቅ ነው ወይስ ቀላል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን የመጀመሪያው ቀን ያለ ጥይት ማለፉ ነው። ባሩድም መለኮሻም የሌላቸው፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ መለማመጃ ጥይቶች ተጠቀምን። ከእውነተኛው ጋር እንዳይቀላቀሉ እውነተኛው ጥይት በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ጭራሽ አልመጣም። ሰልጣኞቹ "ቀጭ" ሲል ምን እንደሚያደርጉ ደጋግመው ሠሩ። እየቆጠሩ። ጮክ ብለው።

ሞላና ከንፈር የመለካቱ ሥራ ይቀረናል። በዓይንና በጣት ነው የሠራነው። እዚሁ ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ሞላ መለካት ለሜካኒካል ተማሪ ሩቅ ነገር አይደለም። ጥበቃ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ተሰባስበው ካዝናዎቻቸውን ጥይት አልባ አድርገው በሕጋዊ መንገድ ቢያስመረምሩ ለሁሉም ይጠቅማል። በግሌ ይህን ለማስጀመር እየጠየቅኩ ነው።

ያቺ ልጅ በሁለተኛው ዙር ተመልሳ መጣች። 4 ቁጥር ካዝና ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት ጠረጴዛው ላይ፣ ከሜዳው ውጭ ተቀምጧል። ተኛች። ስምንት ጥይት ተኮሰች። ዘጠነኛዋ ላይ "ቀጭ" አለ። ከኋላ ያለነው ትንፋሻችንን ያዝን። አፈሙዙ ከዒላማው ንቅንቅ አላለም። ጣቷን ከቃታው አወጣችና ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሠላሳ ስትል ካዝናውን ነቀለች፤ አቀባበለች፤ ጥይቷን አወጣች፤ ቂጧን አየች። ጥልቅ ነበር። ወደ ቆርቆሮው ጣለቻትና ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

"አሥር አለቃ፣ ምትኳን ይስጡኝ።"